አነስተኛ የወይን ጠጅ አምራች የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት እንዴት ያወጣል?

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ወይኔ ላይ ኬሚካል ረጭቼ አላውቅም። ታዲያ ጠርሙሱ ላይ ኦርጋኒክ ብዬ ለምን አልጽፍም?» በአውሮፓ ኅብረትም ሆነ በአሜሪካ ይሄ ቃል በሕግ የተያዘ ነው። ኬሚካል አለመርጨታችሁ ብቻውን አይበቃም። አለመርጨታችሁን በወረቀት ማሳየት አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በመጥመቂያ ቤቱ ውስጥ ያደረጋችሁት ሁሉ ይመረመራል።

ይህ መመሪያ ጥቂት ሄክታር ወይን ላለውና ጠጁን ራሱ ለሚጠምቅ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሩት፤ ማለትም ጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ከምትፈልጉት ቃል። ብዙ ሰው ከማሳው ይጀምርና ሦስት ዓመት ለፍቶ መጥመቂያ ቤት ሲደርስ የመረጠው የጠጅ አሠራር ለፈለገው ጽሑፍ እንደማይሆን ያውቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማሳው ካርታ፤ የጎረቤት ማሳዎችና በእነሱ ላይ የሚበቅለው ነገር ጭምር የሚታይበት
- ማሳው ላይ ባለፉት 3 ዓመታት የገባውን ሁሉ የሚያሳይ ማስረጃ
- የእያንዳንዱ ግብዓት ደረሰኝ እና የማሸጊያው ጽሑፍ ፎቶ
- የርጭት መዝገብ፣ የአዝመራ መዝገብ፣ የመጥመቂያ ቤት መዝገብ (ተራ ደብተር ይበቃል)
- ግራም በትክክል የሚለካ ሚዛን
- ጠቅላላ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የሚለካ ላብራቶሪ፣ ወይም የራሳችሁ መለኪያ
- ለኦርጋኒኩ ማሳ ብቻ የሚሆን መርጫ
- በቁጥር የተለዩ ገንዳዎችና በርሜሎች

ደረጃ 1፦ ገበያውንና ጽሑፉን ምረጡ

በአሜሪካ ሕግ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች አሉ። «ኦርጋኒክ ወይን ጠጅ» ለማለት ሰልፋይት (ጠጁ እንዳይበላሽ የሚጨመረው፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚለካው ማቆያ) ጨርሶ መጨመር አይቻልም። እርሾው ራሱ በተፈጥሮ የሚያወጣው ጥቂት ሰልፋይት ግን ችግር የለበትም። ሁለተኛው «ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» የሚለው ነው። በዚህኛው ፍሬው ሙሉ በሙሉ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፤ ጠቅላላው ሰልፋይት ግን በሊትር እስከ 100 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርን ክብ የኦርጋኒክ ምልክት መለጠፍ የሚችለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ነገሩ ይለያል። እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ እዚያ ሕግ የነበረው ለፍሬው ብቻ ስለነበር ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» የሚል ነበር። ከነሐሴ 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጠመቃው ሥራም ሕግ ወጣለትና «ኦርጋኒክ ወይን ጠጅ» ማለት ተቻለ። ሰልፋይት ይፈቀዳል፤ ጣሪያው ግን ከተለመደው ጠጅ ያነሰ ነው።

ይህ ለምን መጀመሪያ ይወሰናል? ያው ጠጅ በሊትር 80 ሚሊ ግራም ሰልፋይት ቢኖረው አውሮፓ ውስጥ ኦርጋኒክ ጠጅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አይደለም። ሁለቱንም ገበያ ከፈለጋችሁ ሁለት ዓይነት መለያ እንደሚያስፈልጋችሁ ከአሁኑ እወቁ።

ደረጃ 2፦ ወጪውን በጠርሙስ አካፍሉ

ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅቶች ዋጋቸው ይለያያል፤ የክፍያው ዓይነት ግን ይመሳሰላል። የማመልከቻ፣ የዓመት ክፍያ፣ የተቆጣጣሪው የሥራ ቀንና የጉዞ ወጪ፣ የላብራቶሪ ምርመራ አለ። አንዳንዶች ከሽያጩም መቶኛ ይወስዳሉ። ከሁለት ከሦስት ድርጅት የጽሑፍ ዋጋ ጠይቁ። መጠየቅ ያለባችሁ የማሳውንም የመጥመቂያ ቤቱንም አንድ ላይ ነው፤ የእርሻና የማቀነባበር ሥራ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚታሰብ።

ከዚያ ድምሩን ለጠርሙሶቻችሁ አካፍሉ። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 1,200 ዩሮ ነው እንበል። 2,000 ጠርሙስ የሚያወጣ ሰው በጠርሙስ 60 ሳንቲም ይከፍላል። 60,000 ጠርሙስ የሚያወጣው ግን 2 ሳንቲም። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። ትንሽ አምራች የሚጎዳው በዚህ ቋሚ ወጪ ነው። ስለዚህ ይህን ሒሳብ ሳትሠሩ ማመልከቻ አትሙሉ።

ሸክሙን የሚያቀሉ ሁለት መንገዶች አሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2018/848 መሠረት እያንዳንዳቸው እስከ 5 ሄክታር ያላቸው ገበሬዎች በቡድን ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላሉ። ቡድኑ ሕጋዊ ሰውነት፣ የጋራ የሽያጭ ሥርዓትና የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ሊኖረው ይገባል። አባላቱም ከ2,000 አይበልጡም። ጥሩ ዕድል ነው፤ ግን የአንዱ ጥፋት ሁሉንም ሊነካ ስለሚችል አብራችሁ የምትገቡትን ሰዎች አጥርታችሁ እወቁ። በአሜሪካ ደግሞ የኦርጋኒክ ሽያጩ በዓመት ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ አምራች ሰርተፍኬት የማውጣት ግዴታ የለበትም። ደንቡን ግን ይከተላል፤ ምልክቱንም አይለጥፍም።

ደረጃ 3፦ ማሳውን ካርታ ላይ አውርዱ

እያንዳንዱን ቁራጭ ማሳ ቁጥር ስጡት። ስፋቱን፣ የወይኑን ዝርያ፣ የተተከለበትን ዓመት ጻፉ። በአራቱም አቅጣጫ ጎረቤት ምን እንደሚያበቅልና ምን እንደሚረጭ መዝግቡ። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ድንበሩ ነው፤ ንፋስ ያመጣው ርጭት የእናንተ ባይሆንም ፍሬው ላይ ከተገኘ ችግሩ የእናንተ ነው።

የአሜሪካ ደንብ በድንበር ላይ መከለያ ቦታ ይጠይቃል፤ ስፋቱን ግን በሜትር አይወስንም። እንደ ንፋሱ፣ እንደ ቁልቁለቱና እንደ ጎረቤቱ መርጫ ይታያል። አጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ያግዛል። ድንበር ላይ ያሉትን ረድፎች ለብቻ ለቅሞ እንደ ተራ ፍሬ መሸጥም የተለመደ መፍትሔ ነው። ለአንድ ሄክታር ባለቤት ሁለት ረድፍ ማጣት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። በምን ቀን እንደሚረጭ ቢነግራችሁ ብቻ ብዙ ነገር ይቀላል።

የድጋፍ እንጨቶችንም ተመልከቱ። በአሜሪካ ደንብ በአርሴኒክ የታከመ እንጨት አፈሩን በሚነካበት ቦታ እንደ አዲስ መትከል ወይም በአሮጌው ምትክ ማስገባት ክልክል ነው።

ደረጃ 4፦ የሽግግሩን ሰዓት አስጀምሩ

ወይን ቋሚ ተክል ስለሆነ የሽግግሩ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ሁለቱ ገበያዎች ግን ሰዓቱን የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው።

በአሜሪካ የሚጠየቀው ከአዝመራው በፊት ባሉት 36 ወራት የተከለከለ ነገር ማሳው ላይ አለመግባቱ ነው። ያን ጊዜ ያለ ሰርተፍኬት ሰጪ ያሳለፋችሁት ቢሆንም ማስረጃ ካላችሁ ይቆጠራል። በአውሮፓ ኅብረት ግን ሰዓቱ የሚጀምረው ሥራችሁን አሳውቃችሁ በቁጥጥር ሥር ከገባችሁበት ቀን ነው። ማሳው ላለፉት 3 ዓመታት ያልተነካ መሆኑን በሰነድ ማረጋገጥ ከተቻለ ያለፈውን ጊዜ ማስቆጠር የሚፈቀድበት አጋጣሚ አለ፤ መብት ሆኖ ግን አይሰጥም። ለዚህ ነው ለአውሮፓ ለምታመርቱ «ዛሬውኑ ተመዝገቡ፣ ሌላው ይደርሳል» የምለው። አንድ ወር መዘግየት አንድ ሙሉ አዝመራ ሊያሳጣ ይችላል።

በሽግግሩ ጊዜ ወጪው የኦርጋኒክ፣ ዋጋው የተራ ጠጅ ነው። ብዙ ትንንሽ አምራቾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ደንብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ወራት በኋላ በተለቀመ ፍሬ ላይ «ወደ ኦርጋኒክ በመሸጋገር ላይ ያለ» የሚል ጽሑፍ ይፈቅዳል፤ የኅብረቱ የኦርጋኒክ ምልክት የሆነው አረንጓዴ ቅጠል ግን አይለጠፍም። ይህን ጽሑፍ ተጠቀሙበት። ቢያንስ ለደንበኛው ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ይናገራል።

ማሳችሁን ሁሉ በአንዴ መቀየር ካቃታችሁ፣ የአውሮፓ ደንብ ያንኑ የወይን ዝርያ በከፊል ኦርጋኒክ በከፊል ተራ አድርጎ መያዝን በዕቅድ ይፈቅዳል። የመጨረሻው ቁራጭ ግን በ5 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ለቀማ ስትጀምሩም ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ደረጃ 5፦ መዳቡን በኪሎ ቁጠሩት

በኦርጋኒክ እርሻ ቅጠል ላይ የሚመጣን የሻጋታ በሽታ ለመከላከል የሚያገለግሉት ዋናዎቹ መድኃኒቶች መዳብና ድኝ ናቸው። መዳብ ከአፈር አይጠፋም፤ ይከማቻል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ አስቀምጧል፦ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር 28 ኪሎ፣ ማለትም በአማካይ በዓመት 4 ኪሎ።

የሚቆጠረው ንጹሑ መዳብ እንጂ የዱቄቱ ክብደት አይደለም። ማሸጊያው ላይ 20 በመቶ መዳብ የሚል 2 ኪሎ ዱቄት በአንድ ሄክታር ላይ ብትረጩ የገባው መዳብ 400 ግራም ነው። እንዲህ ዓይነት 10 ርጭት የዓመቱን አማካይ ይሞላል። ያንኑ 2 ኪሎ የምትረጩበት ማሳ ግማሽ ሄክታር ከሆነ ደግሞ 5 ርጭት ብቻ ያንን ይሞላል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ከ4 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ በደረቁ ዓመት የተረፈውን መጠን በመዝገብ ያዙት። አገራችሁ ከዚህ የጠበቀ ገደብ ካለውም የሚሠራው የአገሩ ነው።

ማንኛውንም ግብዓት ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን ለሰርተፍኬት ሰጪው ልካችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ። ማሸጊያው ላይ «ተፈጥሯዊ» መባሉ ምንም አያረጋግጥም። ፍግ ስትጠቀሙም በአውሮፓ ደንብ ከፍግ የሚገኘው ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ አስሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦርጋኒክ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ድኝ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ በኃይለኛ ሙቀት ከተረጨም ቅጠሉን ይለበልባል። መዳብ ለዓሣና ለአፈር ፍጥረታት መርዝ ነው። ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መከላከያ አድርጉ፤ መርጫውን ወንዝ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አትጠቡ።

ደረጃ 6፦ ለቀማውንና መጭመቂያውን ለዩ

የአዝመራ ቀን ሩጫ ስለሆነ ስህተት የሚበዛው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን የማሳ ቁጥር ይለጠፍበት። ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀን፣ ማሳ፣ ኪሎ፣ የገባበት ገንዳ ቁጥር ይጻፍ። ለነገ አታሳድሩት።

ብዙ ትንሽ አምራች የራሱ መጭመቂያ ስለሌለው በሌላ ሰው ቤት ይጨምቃል። ያ ቤት የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ከሌለው ጠጃችሁ እዚያው ኦርጋኒክነቱን ሊያጣ ይችላል። ፍሬው ሳይለቀም በፊት የቤቱን ሰርተፍኬት ቅጂ ያዙ። ጠርሙስ የሚሞላላችሁንም ድርጅት እንዲሁ ጠይቁ። ቤቱ ተራ ጠጅም የሚሠራ ከሆነ የእናንተ ፍሬ ከመግባቱ በፊት መጭመቂያው፣ ፓምፑና ጎማው መታጠቡን፣ በምን እንደታጠበና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ።

ደረጃ 7፦ በመጥመቂያ ቤቱ የሚገባውን ሁሉ መርምሩ

በዘረ መል ምሕንድስና የተገኘ እርሾ በሁለቱም ገበያ ክልክል ነው፤ እርሾ የሸጠላችሁ ድርጅት ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጣችሁ። በአውሮፓ ደንብ እርሾው፣ እንዲሁም ጠጁን የሚያጠሩት እንደ እንቁላል ነጭና ጄላቲን ያሉ ነገሮች፣ ኦርጋኒክ ሆነው ገበያ ላይ ከተገኙ እነሱን መጠቀም ይጠበቃል።

ለሥራ ዘዴውም ገደብ አለው። ሙቀት ከ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም። የማጣሪያው ቀዳዳ ከ0.2 ማይክሮ ሜትር አያንስም። ጠጁን በቅዝቃዜ ማወፈር፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን በአካላዊ ዘዴ ማውጣት፣ የጠጁን ጨው በኤሌክትሪክ ዘዴ ማረጋጋት አይፈቀድም። ሶርቢክ አሲድም ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ የመጨረሻው ክልከላ ጣፋጭነት ያለው ጠጅ ለሚሠሩ ከባድ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና እንዳይፈላ የሚጠቀሙበት እሱን ስለሆነ። ምትኩ ጥንቃቄ የተሞላበት ማጣራትና ንጽሕና ነው።

ደረጃ 8፦ ሰልፋይቱን አስልታችሁ ጨምሩ

በአውሮፓ ደንብ ለኦርጋኒክ ጠጅ የተቀመጠው የጠቅላላ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጣሪያ ይህ ነው፦

- ቀይ፣ ስኳሩ በሊትር ከ2 ግራም በታች ከሆነ፦ 100 ሚሊ ግራም በሊትር
- ነጭና ሮዜ፣ ስኳሩ ከ2 ግራም በታች ከሆነ፦ 150 ሚሊ ግራም በሊትር
- ስኳሩ ከዚያ በላይ ሲሆን፦ ለተራው ጠጅ ከተፈቀደው 30 ሚሊ ግራም ዝቅ ያለ

ለንጽጽር ያህል ደረቅ ተራ ቀይ 150፣ ደረቅ ተራ ነጭ 200 ይፈቀድለታል።

ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ሰልፋይት የሚጨመርበት ዱቄት) ስትጨምሩ ከክብደቱ ወደ 57 በመቶ የሚሆነው ነው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚሆነው። በ1,000 ሊትር ጠጅ ላይ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ለመጨመር 50 ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ይህ 88 ግራም ያህል ዱቄት ነው። በማንኪያ አትለኩ። የጨመራችሁት ሁሉ ይደመራል፤ በጭመቃ፣ ከፍላት በኋላና ጠርሙስ ሲሞላ የገባው አንድ ላይ ይቆጠራል። ከፊሉ ከጠጁ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ነጻው ቢያንስም ጠቅላላው ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የሚፈተሸው ጠቅላላው ነው።

ትንሽ ሰልፋይት እንዲበቃችሁ ከፈለጋችሁ ሥራው የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው። የበሰበሰ ዘለላ የገባበት ጭማቂ ሰልፋይት ይበላል። ፒኤቹ ዝቅ ያለ፣ ማለትም አሲዱ የበረታ ጠጅ ላይ ያው መጠን ይበልጥ ይሠራል። ገንዳው ሙሉ ከሆነ አየር አይገባም። ሰልፋይት ጨርሶ ለማትጨምሩ ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ዋና መከላከያዎቻችሁ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሜታባይሰልፋይት አሲድ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ያፍናል። በተዘጋ ክፍል አትሥሩ፤ አስም ያለበት ሰው በአቅራቢያው አይኑር። ጠጁ በሚፈላበት ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሽታ የለውም፤ ዝቅ ባለ ቦታ ተከማችቶ ሰው ይገድላል። ብቻችሁን ወደ ገንዳ አትግቡ።

ደረጃ 9፦ ለፍተሻው ተዘጋጁ

ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ሳያሳውቅም ሊመጣ ይችላል። የሚያደርገው ዋና ነገር ሒሳብ ማስታረቅ ነው። አንድ ጠርሙስ ያነሳና «ይህ ከየትኛው ማሳ ነው የመጣው?» ይላል። ከዚያ ገንዳውን፣ የጭመቃውን ቀን፣ የሣጥኑን ኪሎ፣ የማሳውን የርጭት መዝገብ ተራ በተራ ይጠይቃል።

መጠኑንም ያያል። 3,000 ኪሎ ፍሬ በግምት 2,100 ሊትር ጠጅ ይሰጣል፤ ያ 2,800 ጠርሙስ ነው። 3,500 ጠርሙስ ሸጣችሁ ከተገኘ ትርፉ ከየት መጣ? መዝገባችሁ ካልመለሰው እናንተ በቃል ብትመልሱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፍተሻው ከመምጣቱ በፊት ይህን ሒሳብ ራሳችሁ ሥሩት። የፈሰሰ፣ በአምቡላ የቀረ፣ ለቅምሻ የተከፈተ፣ በስጦታ የሄደ ሁሉ ይጻፍ። በአሜሪካ ደንብ መዝገብ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጣል።

ደረጃ 10፦ መለያውን አስጸድቁ፣ ከዚያ አትሙ

በአውሮፓ ጠርሙስ ላይ የቅጠሉ ምልክት፣ የቁጥጥር ድርጅቱ ኮድ፣ ፍሬው በኅብረቱ ውስጥ ወይም ውጭ መመረቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። በአሜሪካ ሰርተፍኬት የሰጠው ድርጅት ስም ይጻፋል፤ መለያውን መጀመሪያ ያ ድርጅት፣ ቀጥሎ የአልኮል ግብርን እና ንግድን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ቢሮ ያጸድቀዋል። ሰልፋይቱ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ከደረሰ «ሰልፋይት አለው» የሚለው ጽሑፍ አይቀርም።

ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት የምትልኩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጭነት ትሬስስ በሚባለው ሥርዓት የፍተሻ ሰርተፍኬት ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ወደ አሜሪካም ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የኤሌክትሮኒክ የማስገቢያ ሰርተፍኬት ግዴታ ሆኗል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- የተዋሰ መርጫ። ቀድሞ ፀረ አረም የነበረበት መርጫ ውስጡ የቀረው ጥቂት ጠብታ በምርመራ ይገኛል። አትዋሱ፣ አታውሱም።
- ዓመቱን ሙሉ ያልተጻፈ መዝገብ በአንድ ማታ መሙላት። ያው እስክሪብቶ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ፣ ንጹሕ ገጽ። ተቆጣጣሪ ይህን ወዲያው ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንም አያምናችሁም።
- የማጽጃ ኬሚካልን መርሳት። ገንዳ የሚታጠብበትም ነገር ስሙ ተጽፎ ለድርጅቱ መታየት አለበት።
- ፍሬ ጎድሎ ከጎረቤት መግዛት። ጎረቤታችሁ ምንም የማይረጭ ቢሆንም ሰርተፍኬት ከሌለው አንድ ሣጥን ብቻ የገንዳውን ጠጅ በሙሉ ከኦርጋኒክ ያስወጣል።
- ችግርን መደበቅ። የጎረቤት ርጭት ንፋስ አምጥቶ ማሳችሁ ላይ ካረፈ በዚያው ቀን ለድርጅቱ ደውሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ የነካቸውን ረድፎች ለዩ። ቀድሞ የተነገረ ችግር ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው እነዚያን ረድፎች ነው። በላብራቶሪ ውጤት የተገኘ ግን ሰርተፍኬቱን ራሱን ሊያሳግድ ይችላል።
- መለያ ቀድሞ ማሳተም። አንድ ቃል ከተሳሳተ ጥቅልሉ በሙሉ ይጣላል። ጽሑፉ በጽሑፍ እስኪጸድቅ ድረስ ለማተሚያ ቤት አትክፈሉ።